ጨቅላውን የእግሩን ኦክስጅን ሳንለካ አንሸኘው፦ ለጤና ሚኒስቴር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለጤና ሚኒስቴር
ለክልልና ለከተማ አስተዳደር ጤና ቢሮዎች
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ የሳንባ ደም መልሶቻቸው (ደምን ከሳንባ ወደ ልብ የሚመልሱት ሥሮች) ቦታቸውን ስተው የሚወለዱ ሕፃናትን ይመለከታል

ጤና ይስጥልኝ።

አዲስ አበባ ውስጥ የጨቅላ ሕፃናት ክፍል ነርስ ነኝ። የምሠራበትን ሆስፒታል ስም አልጠቅስም፤ የማነሣው ነገር የአንድ ቤት ችግር አይደለም። አገሪቱ ውስጥ ያለ ማንኛውም የጨቅላ ክፍል ነርስ ይህን ደብዳቤ ሊጽፈው ይችላል።

ባለፈው ክረምት አንድ ሕፃን ተቀበልን። የስድስት ቀን ልጅ ነው። ቀኑ ደርሶ የተወለደ፣ ከ3 ኪሎ በላይ የሚመዝን፣ ሲያዩት ደንደን ያለ ልጅ። ጤና ጣቢያ ተወልዶ በማግሥቱ በሰላም ቤቱ ገብቷል። እናቱ «ሲስተር፣ ጡት ይይዛል፤ ግን ሁለቴ ሦስቴ ስቦ ይለቃል። ሲጠባ ግንባሩን ያልበዋል» አለችኝ። አያቱ እንጥሉ ወርዶ ነው ብለው አስቆርጠውት ነበር። አልተቆጣኋቸውም። የማይጠባ ልጅ ሲያዩ የሚያውቁት መፍትሔ እሱ ነው። ደግሞም የሚሻል ነገር የነገራቸው ሰው አልነበረም።

ትንፋሹ ይፈጥናል። ከንፈሩ ጠቆር ብሏል። ሳቹሬሽኑን፣ ማለትም በደሙ ውስጥ ያለውን የኦክስጅን መጠን በመቶ፣ ስንለካው 74 አለ። ኦክስጅን ሰጠነው፤ 76። ሲፓፕ፣ በአፍንጫ በኩል አየር በግፊት የሚሰጥ መሣሪያ፣ ላይ አደረግነው፤ 75። ራጅ ተነሣ፤ ሳንባው ጉም የለበሰ ይመስላል። ሴፕሲስ (ወደ ደም የገባ ከባድ ኢንፌክሽን) ከሳንባ ምች ጋር ተባለ፤ አምፒሲሊንና ጀንታማይሲን የተባሉ ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒቶች ተጀመሩ። እኔም አምኜበት ነበር። በየቀኑ ከምናያቸው አሥር ሕፃናት የተለየ አልመሰለኝም።

በሦስተኛው ቀን አንዲት ወጣት ሬዚደንት፣ በስፔሻሊቲ ሥልጠና ላይ ያለች ሐኪም፣ አልጋው አጠገብ ቆማ «ይሄ ልጅ ኦክስጅን ለምን አይመልስለትም?» ብላ ጠየቀች። ከዚያች ጥያቄ በኋላ ነው ኤኮ፣ የልብ አልትራሳውንድ፣ የታሰበው። የጨቅላ ልብ የሚያይ ባለሙያ እኛ ዘንድ አልነበረም። በልመና ሌላ ቦታ ተገኘ። ሲሊንደሩን አቅፌ በአምቡላንስ አብሬው ሄድኩ። ኤኮውን የሠሩት ሐኪም ረጅም ጊዜ ዝም ብለው ስክሪኑን አዩ። ከዚያ ለእናቱ ወረቀት ላይ ልብ ሣሉላት። ከሳንባ የሚመጡት አራት ደም መልሶች በሙሉ ወደ ግራ ልብ መግባት ሲገባቸው ወደ ታች ወርደው፣ ደረትንና ሆድን የሚለየውን ድያፍራም አልፈው፣ ጉበት አካባቢ ገብተዋል። መንገዱም ጠቧል። በዚያው ቀን ቀዶ ሕክምና ያስፈልገው ነበር። በማግሥቱ ሊነጋ ሲል ዐረፈ።

የሞት ምክንያት በሚለው መስመር ላይ የተጻፈው «ሴፕሲስ» ነው። ካርዱ ላይ በመጀመሪያው ቀን የሰፈረው ነው የተገለበጠው። የኤኮው ወረቀት እናቱ እጅ ቀረ።

ክቡራን፣ ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ ያ መስመር ነው። ይህ በሽታ በእኛ አገር ሪፖርት ውስጥ የለም ማለት ይቻላል። ልጆቹ የሉም ማለት ግን አይደለም። በሌላ በሽታ ስም ስለሚሞቱ ነው።

በሽታው በሐኪሞች ዘንድ ቶታል አኖማለስ ፐልሞናሪ ቬነስ ኮኔክሽን ይባላል፤ ባጭሩ ቲኤፒቪሲ። ሐኪም ላልሆነ አንባቢ እንዲህ ላስረዳ። ሳንባ ደሙን ያጠራል። የጠራውን ደም አራት ደም መልሶች ወደ ግራ የላይኛው የልብ ክፍል ያመጡታል፤ ልብም ከዚያ ለመላ ሰውነት ይረጨዋል። ቲኤፒቪሲ ያለበት ሕፃን ላይ እነዚህ ቧንቧዎች ከግራ ልብ ጋር አልተገናኙም። ንጹሕ ውኃ የሚያመጣው ቧንቧ ሮቶው ውስጥ መግባት ሲገባው ከፍሳሹ መስመር ጋር እንደተቀጠለ ቁጠሩት። የጠራው ደም ካልጠራው ጋር በቀኝ ልብ ውስጥ ይደባለቃል። ሕፃኑን በሕይወት የሚያቆየው በሁለቱ የላይኛ ክፍሎች መካከል ያለች ቀዳዳ ናት። በእሷ በኩል የተደባለቀው ደም ወደ ግራ ያልፋል።

ኦክስጅን የማይመልስለትም ለዚህ ነው። ሳንባው ሥራውን እየሠራ ነው። የጠራው ደም ነው የተሳሳተ ቦታ የሚደርሰው። መንገዱ ደግሞ ከጠበበ ደሙ ወደ ሳንባ ተመልሶ ይቋጥራል፤ ራጅ ላይ የምናየው ጉም ይኸው ነው። ሳንባ ምች የሚመስለን እሱ ነው።

ሰው ይህን ሲሰማ «ታዲያ ምን ይደረጋል፤ የእግዜር ሥራ ነው» ይላል። ግን ይህ ከልብ ጉድለቶች ሁሉ በአንድ ቀዶ ሕክምና ሊስተካከሉ ከሚችሉት አንዱ ነው። ደም መልሶቹ የሚሰበሰቡበት ከረጢት ከግራ ልብ ጀርባ ጋር ይሰፋል፤ ቀዳዳዋ ትዘጋለች። ከዚያ በኋላ ቀኝም ግራም ልቡ በትክክል የሚሠራለት ልጅ ነው። ሮጦ ይጫወታል፤ ትምህርት ቤት ይገባል።

ውጤቱን በቁጥር ላስቀምጥ። በ1950ዎቹና በ60ዎቹ እ.ኤ.አ. ይህ ቀዶ ሕክምና ሲጀመር ጨቅላዎቹ በብዛት ይሞቱ ነበር። ዛሬ ጥሩ ልምድ ባላቸው ማዕከላት ከ100 ሕፃናት ከ90 በላይ የሚሆኑት ከቀዶ ሕክምናው ተርፈው ይወጣሉ። በብሪታንያ፣ በአየርላንድና በስዊድን ከ1998 እስከ 2004 እ.ኤ.አ. የተወለዱ 422 ሕፃናት ተከታትለው ነበር። ቀዶ ሕክምና ካገኙት ውስጥ በሦስት ዓመታቸው በሕይወት የነበሩት 85 በመቶ ያህል ናቸው። ካልታከሙ ግን አብዛኞቹ አንድ ዓመት አይሞላቸውም። መንገዱ የጠበበባቸው ደግሞ የቀናት ወይም የሳምንታት ዕድሜ ነው ያላቸው።

ከዚያ ጥናት ሌላ የማልረሳው ነገር አለ። እነዚያ አገሮች በእርግዝና ጊዜ የአልትራሳውንድ ምርመራ የተስፋፋባቸው ናቸው። እንዲያም ሆኖ ከመወለዳቸው በፊት የታወቁት በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ማሕፀን ውስጥ ወደ ሳንባ የሚሄደው ደም ትንሽ ስለሆነ ደም መልሶቹ በቀላሉ አይታዩም። ስለዚህ «የእርግዝና ክትትሉ ይጠናከር» የሚለው መልስ ለሌላው ሁሉ ትክክል ቢሆንም ለእነዚህ ልጆች አይደርስም። የሚገኙት ከተወለዱ በኋላ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ካልተገኙ ብዙዎቹ አይገኙም።

የቀዶ ሐኪሙ እጅ ወሳኝ ነው፤ ይህን አልክድም። ግን ሕፃኑ የሚተርፍበትን ወይም የማይተርፍበትን ዕድል በአብዛኛው የሚወስነው ቀዶ ክፍል ሲገባ ያለበት ሁኔታ ነው። ክብደቱ፣ የመንገዱ መጥበብ፣ ሌላ የልብ ጉድለት መኖር አለመኖሩ፣ ኩላሊቱና ደሙ ስንት ቀን ኦክስጅን እንደተራቡ። ከእነዚህ የመጨረሻው በእኛ በነርሶችና በአዋላጆች እጅ ነው። በስድስተኛው ቀን ሳይሆን በመጀመሪያው ቀን ቢታወቅ ኖሮ ስለዚያ ልጅ ሌላ ዓይነት ደብዳቤ እጽፍ ነበር።

እንዴት ይታወቃል? እግሩ ላይ በሚታሰር ትንሽ መሣሪያ። ስሙ ፐልስ ኦክሲሜትር ነው፤ በደም ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ይለካል። ደም አይቀዳም፤ መርፌ የለውም፤ ጥቂት ደቂቃ ይበቃዋል። ሕፃኑ 24 ሰዓት ሲሞላው፣ ወይም ከመሄዱ በፊት፣ ቀኝ እጁና አንድ እግሩ ይለካል። አሜሪካ በ2011 እ.ኤ.አ. ይህን ምርመራ ለሁሉም ጨቅላ እንዲደረግ በሚመከረው ዝርዝር ውስጥ አስገባች። ቲኤፒቪሲ ምርመራው በቀጥታ ከሚፈልጋቸው ሰባት የልብ ጉድለቶች አንዱ ነው። በ2017 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት እንዳሳየው ምርመራውን በሕግ አስገዳጅ ባደረጉ ግዛቶች በከባድ የልብ ጉድለት የሚሞቱ ጨቅላዎች ቁጥር በሲሶ ቀንሷል። ለአንድ እግር ላይ ለሚታሰር መሣሪያ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

እኛስ? በኮቪድ ጊዜ ብዙ ኦክሲሜትር ወደ አገር ገብቷል። እኔ ባለሁበት ቤት መሳቢያ ውስጥ አሉ። አብዛኞቹ የአዋቂ ጣት ላይ የሚቆነጥጡ ናቸው። ለጨቅላ እግር የሚጠቀለለው ገመድ ነው የሚጎድለው። ያለንም አንድ ሁለቱ ለታመመው ልጅ ናቸው፤ ጤነኛ መስሎ ወደ ቤቱ ለሚሄደው አይተርፉም። የጠየቅኩት ነገር ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ እዩልኝ።

አሁን ወደ አንድ የራሳችን ጉዳይ ልምጣ። ይህን ሌላ አገር አይሠራልንም። የአሜሪካው መመሪያ 95 በመቶን እንደ መስመር ይዟል። ያ መስመር በዋናነት የባሕር ጠለል አካባቢ ለሚኖር ሕፃን የተሰመረ ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ናት። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ትደርሳለች። ሰመራ ደግሞ 400 ሜትር አካባቢ ነች። ከፍታ ሲጨምር አየሩ ይሳሳል፤ የጤነኛ ጨቅላም ሳቹሬሽን ዝቅ ይላል። 95ን እንዳለ ወስደን ደብረ ብርሃን ላይ ብንጠቀምበት ጤነኛ ሕፃናትን በየቀኑ ለኤኮ ስንልክ እንውላለን። ሦስት ቀን ሳይሞላ ባለሙያው ይሰለቻል፤ መሣሪያውም መሳቢያው ውስጥ ይመለሳል። መስመሩን ያለ ጥናት ዝቅ ብናደርገው ደግሞ የምንፈልጋቸው ልጆች ከሥር ያመልጣሉ።

በተለይ ቲኤፒቪሲ ላይ ይህ ነገር ያሳስበኛል። ሌሎች ጉድለቶች በእጅና በእግር ንባብ ልዩነት ሊታወቁ ይችላሉ። ቲኤፒቪሲ ግን ደሙ ልብ ውስጥ ስለተደባለቀ እጁም እግሩም እኩል ዝቅ ይላል። ስለዚህ የልዩነቱ ስሌት አይረዳንም፤ የቀረን ራሱ ቁጥሩ ነው። ቁጥሩን ለደጋ፣ ለወይና ደጋና ለቆላ ለይተን ማወቅ አለብን። ይህ በአንድ ዓመት ውስጥ ሊሠራ የሚችል ጥናት ነው። ዩኒቨርሲቲዎቻችን ጎንደርም፣ ጅማም፣ መቀሌም፣ ሐሮማያም፣ ሠመራም አሉ፤ ከፍታቸው ራሱ የተለያየ ነው። ጤነኛ ጨቅላዎችን 24 ሰዓት ሲሞላቸው መለካትና መመዝገብ ብቻ ነው። መሣሪያው በጥቁር ቆዳ ላይ ከእውነቱ ከፍ አድርጎ ሊያነብ እንደሚችል ስለታወቀም በራሳችን ልጆች ላይ መለካቱ ሌላም ጥቅም አለው።

ምርመራው ሁሉን አይዝም፤ ይህንም መናገር አለብኝ። መንገዱ ያልጠበበበት ቲኤፒቪሲ መጀመሪያ ላይ ሳቹሬሽኑ 90ዎቹ ውስጥ ሊሆን ይችላል። ያ ልጅ ከሳምንታት በኋላ ነው ክብደት እምቢ ሲለው፣ ሲጠባ ሲያልበው የሚመጣው። ስለዚህ የክትባት ክፍል ነርሶችና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች አንድ ነገር ይወቁ፦ ጡት ላይ የሚያልበው፣ እየሳበ የሚለቅ፣ ቶሎ ቶሎ የሚተነፍስ ሕፃን እንጥሉ አልወረደም። ልቡ ይታይ። ይህች አንዲት ዓረፍተ ነገር በስልጠናቸው ውስጥ ትግባ። ብዙ ልጆቻችን ቤት ውስጥ ስለሚወለዱም ነው፤ በ2019 እ.ኤ.አ. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በጤና ተቋም የተወለዱት 48 በመቶ ነበሩ። ቤት ለተወለደው ልጅ የመጀመሪያዋ ነርስ የክትባቷ ነርስ ነች።

«ብናገኛቸውስ የት እንልካቸዋለን?» የሚለውን ጥያቄ ሐኪሞች ነግረውኛል። ልክ ናቸው። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ያለው የሕፃናት ልብ ማዕከል በ2009 እ.ኤ.አ. ሲከፈት በዶክተር በላይ አበጋዝ የተጀመረ የረጅም ጊዜ ልፋት ፍሬ ነበር። ለዓመታት ከውጭ በሚመጡ ቡድኖች ተደግፎ ቆይቷል፤ ቀስ በቀስም የአገር ልጆች ሠልጥነዋል። ተራ የሚጠብቁት ልጆች ግን በሺዎች የሚቆጠሩ ናቸው። እስራኤል ሆሎን ከተማ የሚገኘው ሴቭ ኤ ቻይልድስ ኸርትም ብዙ ልጆቻችንን አክሟል፤ ሥራውም በ1990ዎቹ አጋማሽ የተጀመረው ከኢትዮጵያ በሄዱ ልጆች ነው። ለዚህ ሁሉ ከልብ አመሰግናለሁ።

ነገር ግን መንገዱ የጠበበበት የቲኤፒቪሲ ጨቅላ ተራ አይጠብቅም። ፓስፖርትና ቪዛ አይጠብቅም። የውጭ ቡድን የሚመጣበትን ወር አይጠብቅም። ከልብ ሕመሞች ውስጥ በእኩለ ሌሊት ቀዶ ክፍል የሚያስከፍት ካለ ይህ ነው። መድኃኒት ጊዜ አይገዛለትም። እንዲያውም ለሌሎች የልብ ጉድለቶች ሕይወት አድን የሆነው ፕሮስታግላንዲን እዚህ ላይ ሳንባውን የበለጠ ሊያጥለቀልቀው ይችላል። ስለዚህ የምጠይቀው ከወረፋው ውጭ የሆነ በር ነው። በሳምንት ሰባቱንም ቀን የሚነሣ አንድ የስልክ ቁጥር ይኑር። ከየትም ጨቅላ ክፍል «ኦክስጅን የማይመልስለት ልጅ አለኝ» ብለን ስንደውል ኤኮ የት እንደምናገኝ የሚነግረን። ጨቅላ ቀዶ የሚሠራ የራሳችን ቡድንም በዚያው ልክ ይጠናከር፤ ማደንዘዣ ሰጪው፣ የልብና ሳንባ ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰው ባለሙያ፣ በተለይ ደግሞ ከቀዶ በኋላ ሌሊቱን የምታድረዋ የአይሲዩ (የጽኑ ሕሙማን ክፍል) ነርስ። ስለ ቀዶ ሐኪሞች ብዙ ይወራል። ከቀዶ በኋላ ያሉትን 48 ሰዓታት ግን የምታውቀው እሷ ነች። የሳንባ ግፊቱ በድንገት ሲወጣ አልጋው አጠገብ ያለችው እሷ ነች።

ከቀዶ በኋላም ነገሩ አያልቅም። ከ100 ሕፃናት 15 ያህሉ ላይ ስፌቱ ወይም ደም መልሶቹ ራሳቸው መልሰው ይጠብባሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት ውስጥ። በ1990ዎቹ መጨረሻ ቶሮንቶና ፓሪስ ያሉ ሐኪሞች ለዚህ መላ አምጥተዋል። የስፌቱን መርፌ ደም መልሱ ላይ ሳይሆን ዙሪያውን ባለው የልብ ሽፋን ላይ ያሳርፉታል። ጠባሳው ደም መልሱን አንቆ እንዳይይዘው ነው። ለብዙ ልጆች ረድቷል። ደም መልሶቹ በሳንባው ውስጥ ጭምር እየጠበቡ የሚሄዱባቸው ግን አሉ፤ ለእነሱ ዛሬም የሚያረካ መፍትሔ የለም።

ይህ እኛ አገር ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ከባሌ ወይም ከመተከል የመጣ ልጅ ተሳክቶለት ታክሞ ቢመለስ በሁለተኛው፣ በአራተኛው፣ በስድስተኛው ወር ኤኮ ያስፈልገዋል። ቤተሰቡ ለመጀመሪያው ጉዞ በሬ ሸጧል። ለሁለተኛው ምን ይሸጣል? ልጁ ደኅና መስሎ ስለሚታይ ይቀራሉ። ሲብስበት ይመጣሉ፤ ያኔ ረፍዷል። ለእነዚህ ልጆች የክትትል ትራንስፖርትና ማደሪያ ከቀዶ ሕክምናው ወጪ ጋር አንድ ላይ ይታሰብ። ቀዶውን ከፍለን ክትትሉን ካልከፈልን ሥራውን ግማሽ ላይ ነው የተውነው።

አንድ የመጨረሻ ጥያቄ አለኝ፤ ምናልባት ከሁሉም የሚያስከፋው እሱ ነው። ውጤቶቻችን ይውጡ። በአገር ውስጥ የሚሠራ እያንዳንዱ የሕፃን ልብ ቀዶ ሕክምና ከዕድሜው፣ ከክብደቱ፣ ከበሽታው ዓይነትና ከ30 ቀን በኋላ ካለው ሁኔታ ጋር ይመዝገብ፤ በዓመት አንድ ጊዜም ለሕዝብ ይገለጥ። ማንንም ለመውቀስ አይደለም። የጨቅላ ቀዶ ሲጀመር ቁጥሩ መጥፎ ይሆናል፤ የሌሎች አገሮችም እንደዚያው ነበር። ቁጥሩን ካልጻፍነው ግን መሻሻላችንን በምን እናውቃለን? ሳይታከሙ የሚሞቱትም ይቆጠሩ። የእናቶችና የጨቅላዎች ሞት ቅኝት ቅጹ እጃችን ላይ ነው። «ኦክስጅን ሲሰጠው መልሶለት ነበር?» የምትል አንዲት መስመር ይጨመርበት። በሌሎች አገሮች ከ10,000 ወሊድ አንዱ ገደማ ቲኤፒቪሲ አለበት። በዓመት ከ3 ሚሊዮን በላይ ለሚወለድባት አገር ሒሳቡን ብትሠሩት ከ300 ሕፃናት በላይ ይመጣል። እኔ በሥራ ዘመኔ በስሙ ተጽፎ ያየሁት በጣት የሚቆጠር ነው።

ከዚያ ልጅ በኋላ አንድ ደብተር ይዣለሁ። ኦክስጅን የማይመልስለት ሕፃን ሲገባ እጽፋለሁ። ስም አልጽፍበትም። የገባበትን ቀን፣ ክብደቱን፣ የእግሩን ንባብ፣ ከኦክስጅን በኋላ ስንት እንደሆነ፣ ኤኮ አገኘ ወይስ አላገኘ። ሙያዊ ጥናት አይደለም፤ የነርስ ደብተር ነው። በሥራ ሰዓት ብትጠሩኝ ተረኝነቴን ቀይሬ ይዤው እመጣለሁ።

ከአክብሮት ጋር
አንዲት የጨቅላ ሕፃናት ክፍል ነርስ፣ አዲስ አበባ

ግልባጭ፦
ለሕፃናት ሐኪሞች፣ ለአዋላጆችና ለነርሶች የሙያ ማኅበራት